ዓሣው ሲጠፋ ልጅቷ ለምን ትጠየቃለች?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣ ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ።

የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ጂዳ ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ጋዜጣችሁን ወንድሜ ገጽ በገጽ በስልኩ እያነሳ ይልክልኛል፤ ማታ ሥራ ጨርሼ ጋደም ስል አነባለሁ። ስለ አረብ አገር የምትጽፉት በብዛት ስለ ተደበደቡት፣ ደመወዝ ስለ ተከለከሉት፣ ከፎቅ ስለ ወደቁት እህቶቻችን ነው። እውነት ነው፣ ይጻፍ። ከዚያ በታች ያለው፣ ለፖሊስም ለኤምባሲም የማይደርሰው የየቀኑ ክስ ግን የሚጽፈው የለም። «ወርቄን አይተሻል?» «የልጁን ታብሌት የት ጣልሽው?» «ዓሣዬ የት ሄደ?» እኔ የምጽፈው ስለ መጨረሻው ነው። ድስት ስለሚገባው ዓሣ ሳይሆን ሳሎን ውስጥ በመስታወት ገንዳ ተቀምጦ ስለሚታየው። ፈገግ የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ነገር ግን በዚህ ዓሣ ምክንያት የአንዲት የጅማ ልጅ ደመወዝ ተቆርጧል፣ ስሟም በሰፈሩ ሴቶች ዘንድ በሌባነት ተነሥቷል።

ልጅቷ ያለችበት ቤት ከእኛ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ሳሎናቸው ውስጥ የግድግዳውን ግማሽ የሚይዝ የባሕር ውሃ አኳሪየም አላቸው። ከዚያ ውስጥ ዓሣ ይጠፋል። ይሞታል አላልኩም፤ ይጠፋል። ማታ የነበረው ጠዋት የለም። ሬሳ አይንሳፈፍ፣ ሽታ አይሸት፣ ውሃው እንደሆነ ኩልል ያለ ነው። ማዳሟ ቆማ ስትቆጥር ሦስት ጎደለባት። ቀኑን ሙሉ ቤት የምትውለው ልጅቷ ናት፣ መስታወቱን የምትወለውለው ልጅቷ ናት፤ ስለዚህ የተጠየቀችውም እሷው ናት። መጀመሪያ «ክሎሮክስ አስነክተሽ ገድለሽ ሽንት ቤት ደፋሻቸው» ተባለች። ቀጥሎ «ለሱቅ ሸጠሻቸዋል» መጣ። ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤት ደግሞ «ጠብሳ በልታቸው ይሆናል» አለች አሉ። አውራ ጣት የማያህል ዓሣ ጠብሶ መብላት! እንዲህ ያለ ነገር የሚያወራ ሰው ወጥ ቤት ገብቶ አያውቅም።

ልጅቷ ከመጣች ዓመት አልሞላትም፤ አረብኛዋ ገና ነው። ራሷን መከላከል አቅቷት ዝም ስትል «አመነች» ተባለ። በወሩ መጨረሻ የሦስቱ ዓሣ ዋጋ ከደመወዟ ተቀንሶ ተሰጣት። እያለቀሰች ደወለችልኝ። የምትለምነኝ ገንዘቡ እንዲመለስ እንኳ አልነበረም፤ እናቷ እንዳትሰማባት ነበር።

እንዴት እኔ ጋ ደወለች ብትሉ፣ ሰፈሩ ውስጥ ያሉት ልጆች «የዓሣዋ ዘሐራ» ነው የሚሉኝ። የምሠራበት ቤት ባባ ጠላቂ ነው። ዕረፍት ሲሆን ከጂዳ በስተ ሰሜን ወዳለው የኦብሁር ባሕር ዳርቻ ይሄዳል፣ ሳሎኑንም ባሕር አድርጎታል። ድሮ ገንዳውን የሚያጸዳ የሕንድ፣ የኬረላ ሰው በየሁለት ሳምንቱ ይመጣ ነበር፤ እሱ ሲሠራ ባልዲና ፎጣ አቀባይ እኔ ነበርኩ። ሰውየው ማስረዳት ይወዳል፣ እኔም መጠየቅ እወዳለሁ። ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ ሥራው እኔ ላይ ቀረ፦ ጨው መለካቱ፣ ውሃ መቀየሩ፣ ፓምፕ ፈትቶ በኮምጣጤ ማጠቡ። ደመወዝ ተጨምሮልኛል፤ የድካሜን ያህል ባይሆንም። አባቴ አሰብ ወደብ እየጫነ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ የሚመላለስ ሾፌር ነበር፤ ቀይ ባሕርን ያወቅሁት በእሱ ወሬ ነው። አሁን በዚያው ባሕር ማዶ ተቀምጬ ዓሣውን በእጄ አበላለሁ። አባቴ ይህን ቢያይ ምን ይል እንደነበር አላህ ይወቅ።

ማዳሜ ለልጅቷ ማዳም ደውላ «የኔዋ ስለ ዓሣ ታውቃለች፣ ልላክልሽ» አለቻት። ሄድኩ።

ከበሩ ስገባ ያየሁት ክዳኑን ነው። የለም። «ለውበት» ተብሎ ተነሥቷል። እሺ፣ ከጠፉት ውስጥ ፋየርፊሽ አለ ወይ? ብዬ ጠየቅሁ። አለ። ፋየርፊሽ ፊቱ ነጣ ያለ፣ ወደ ጅራቱ እየቀላ የሚሄድ፣ ጀርባው ላይ ቀጭን ረጅም ክንፍ የቆመለት ትንሽ ዓሣ ነው። ሲበዛ ድንጉጥ ነው። መብራት በድንገት ሲጠፋ፣ በር ሲጋጭ፣ ከእሱ የሚበልጥ ዓሣ ሲያባርረው ሽቅብ ይዘላል። ክዳን ወይም መረብ ከሌለ የሚያርፈው ምንጣፍ ላይ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ዝም ብሎ አይሞትም፤ እየተንፈራገጠ ካቢኔ ሥር ይገባል። የስልኬን መብራት አብርቼ በደረቴ ተኛሁና በካቢኔውና በግድግዳው መሐል አየሁ። አቧራ ለብሶ፣ ደርቆ እንደ ዛላ በርበሬ ሆኖ ተጋድሟል። በሹካ ጎትቼ አወጣሁት። ማዳሟ አፍንጫዋን ይዛ ቆማ አየችው፣ ክንፉን አየች፣ ምንም አላለችም። ድመት ያለበት ቤት ቢሆን ይህም አይገኝም ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ ረዘም ይላል፤ አኳሪየሙ እንዴት እንደሚሠራ ላላየ ሰው ማስረዳት አለብኝ። ትልቅ የባሕር ገንዳ ሳሎን የሚታየው ግማሹ ነው። ከጀርባ ጥግ ይዞ የቆመ ጥቁር ሳጥን አለ። የገንዳው ውሃ ከላይ በኩል፣ በቀጫጭን ክፍተቶች እየሾለከ ወደዚህ ሳጥን ይፈስሳል፤ ከሳጥኑ በቱቦ ወደ ታች፣ ካቢኔው ውስጥ ወደተደበቀ ሌላ ገንዳ ይወርዳል። ሳምፕ ይሉታል። እዚያ ቆሻሻው በጨርቅ ከረጢት ተጣርቶ ይቀርና ውሃው በፓምፕ ተመልሶ ይወጣል። እንግዲህ ቀጭን ዓሣ በክፍተቱ ይሾልካል፣ ወይም ዘልሎ ሳጥኑ ውስጥ ይወድቃል። አንዴ ከገባ በራሱ አይመለስም። አንዳንዱ ሳጥኑ ውስጥ ይቀራል፣ አንዳንዱ በቱቦው ተንሸራትቶ ታች ይደርሳል። የኬረላው ሰው ዓሣ ጠፋ ሲባል ከሁሉ በፊት እጁን የሚሰድደው ወደ ከረጢቱ ነበር።

ካቢኔውን ክፈቱልኝ አልኩ። ቁልፉን ማዳሟ ከክፍሏ አመጣች፤ ልጅቷ ኤሌክትሪክ አለበት ተብላ እንዳትከፍተው ተከልክላለች። ልብ በሉልኝ፤ ልታየው ባልተፈቀደላት ቦታ ለጠፋ ነገር ነው የተቀጣችው። ከረጢቱ ባዶ ነው። ከኋላው፣ ፓምፑ አጠገብ ባለው ክፍል ጥግ ግን ዳምሰል የሚባል አንድ ትንሽ ሰማያዊ ዓሣ ተለጥፎ ቆሟል። በሕይወት አለ! ከላይ የሚወርደውን ፍርፋሪ እየለቀመ በጨለማ ኖሯል። የቤቱ ልጆች እየጮሁ መጡ። በመረብ አወጣሁና መለስኩት፤ ላይ ሲደርስ መብራቱ አደናብሮት ለጥቂት ጊዜ ድንጋይ ሥር ተወሸቀ፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ከወንድሞቹ ጋር ይጣላ ጀመር።

በእግረ መንገዴ ጨውንም ለካሁት፤ የባባን መለኪያ ይዤ ሄጄ ነበር። በጣም ከፍ ብሏል። የተለመደው የውቅያኖስ ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው፤ ቀይ ባሕር ወደ 40 ይጠጋል። የእነሱ ከዚያም አልፏል። ሾፌራቸው ከባሕር በጀሪካን ውሃ እያመጣ በተነነው ፈንታ ይሞላል። ውሃ ሲተንን ጨው አብሮ አይሄድም፤ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በትነት የጎደለው የሚሞላው ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ነው። በባሕር ውሃ ሲሞላ ጨው በጨው ላይ ይደረባል፣ ዓሣው ይጨነቃል፣ የተጨነቀ ዓሣ ደግሞ ይዘላል። ይህንንም ተናገርኩ። ሾፌሩ በእኔ ላይ ተቀይሟል፤ ደመወዝ የሚቆረጥበት ግን አልመሰለኝም።

ማዳሟ የሁለቱን ዓሣ ዋጋ ለልጅቷ መለሰች። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ግፍ ነው፤ በእጇ ቆጥራ፣ በእኔ ፊት ሰጠቻት። ሦስተኛውን ግን «እሱንም አግኚልኝ» አለች። ሦስተኛው ጎቢ የሚባል አንድ ትንሽ ዓሣ ነው። አላገኘሁትም። አይገኝምም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው፤ የሌለ ሬሳ አምጪ ተብሎ የሚቆረጥ ገንዘብ አለና።

የባሕር ገንዳ ውስጥ ትንሽ ዓሣ ማታ ቢሞት ጠዋት የሚለቀም ሬሳ አይኖርም። እኔ ይህን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። የእጅ ባትሪ ላይ ቀይ የስጦታ ፕላስቲክ አስሬ፣ የሳሎኑን መብራት አጥፍቼ፤ ብዙዎቹ የባሕር እንስሳት ቀይ ብርሃን እምብዛም ስለማይታያቸው ሥራቸውን አያቋርጡም። አንድ የሞተ ዓሣ አሸዋው ላይ ወድቋል። ቀድመው የደረሱት ናሳሪየስ የሚባሉ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ቀን ቀን አሸዋ ውስጥ ተቀብረው የመተንፈሻ ቱቧቸውን ብቻ ነው ብቅ የሚያደርጉት። ሽታው ሲደርሳቸው አሸዋው እዚህም እዚያም ይፈነቀላል፣ እየተንገዳገዱ ይወጣሉ፣ ይሰፍሩበታል። ቀጥሎ በሞተ ቀንድ አውጣ ባዶ ቅርፊት የሚኖሩት ሸርጣኖች ይመጣሉ፤ እነዚህ እንኳን ለዓሣው እርስ በርሳቸውም አይተዛዘኑም። በመጨረሻ ከድንጋዩ ቀዳዳ ሁሉ ጎናቸው ፀጉራም የሆኑ ሮዝማ ትሎች ግማሽ አካላቸውን ቤታቸው ትተው ይዘረጋሉ። ሱብሒ ሰላት ሰግጄ ስመለስ ከዓሣው የቀረው ከአከርካሪው ጥቂት ነው፤ ቀን ላይ እሱም የለም። እነዚህ ክፉ አይደሉም። ገንዳው እንዳይበሰብስ ተብሎ በገንዘብ የተገዙ የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ሥራቸውን በደንብ ስለሠሩ ነው ሌላዋ የጽዳት ሠራተኛ የተከሰሰችው።

ገዳይም አለ። እጆቹ ረዣዥም የሆኑ አረንጓዴ ኮከብ ዓሣ አለ፤ ማታ አካሉን ከፍ አድርጎ ዋሻ ይሠራል፣ የተኛ ትንሽ ዓሣ መጠለያ መስሎት ሲገባ ይደፋበታል። አኒሞን የሚባል፣ አበባ የሚመስል ተናዳፊ እንስሳም አለ። ክላውን የሚባለው ዓሣ በእጆቹ መሐል ይተኛል፣ ምንም አይሆንም፤ ሌላው ተሳስቶ ከነካው ተነድፎ ይዋጣል። ከባሕር የመጣ ድንጋይ ውስጥ ተደብቆ የሚገባ፣ ማንቲስ ሽሪምፕ የሚባል ሸርጣን መሰል አዳኝም አለ፤ ሌሊት ገንዳው ውስጥ ቋ የሚል ድምፅ ከተሰማ እሱን መጠርጠር ነው። እሱን ማንም አልገዛውም፤ ከድንጋዩ ጋር በነፃ ይመጣል።

የባባ ትልቁ ልጅ ይህን ነገር እንደምወድ ስለሚያውቅ ያገኘውን ያነብልኛል። እንግሊዝ አገር ኒውኪ በምትባል ከተማ ባለ አኳሪየም እ.ኤ.አ. በ2009 ኮራሎቹ፣ ማለትም ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚያድጉት የባሕር እንስሳት፣ በሌሊት እየተቆረጡ ሠራተኞቹ ግራ ገባቸው። ወጥመድ አድርገው አልሆነላቸውም። መጨረሻ ላይ ድንጋዩን አንድ በአንድ ሲያነሱ ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝም ትል ተጠምጥሞ አገኙ። የበለጠ የወደድኩት ግን የብራይተኑ ነው፤ እሱም እንግሊዝ ነው፣ በ1870ዎቹ። ከአንዱ ገንዳ ላምፕፊሽ የሚባሉ ዓሦች እየተራ ይጠፋሉ። አንድ ቀን ጠዋት ሲገቡ የጎረቤት ገንዳው ኦክቶፐስ ከዓሦቹ ጋር ተቀምጦ አገኙት። ለካ ሌሊት ሌሊት ግድግዳውን ተሻግሮ እየበላ ንጋት ላይ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ባለሙያ ሞልቶ፣ ጠባቂ ተቀጥሮ፣ እነሱም ለጊዜው ያላወቁትን ነገር የጅማ ልጅ እንዴት ታውቅ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ሌላም አለ፤ የጠፋ የሚመስል ግን ያልጠፋ። አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚተኛ ዘር አለ፣ አዲስ ቤት ሲገባ ለቀናት ከአሸዋው ላይወጣ ይችላል። ባሕራችን የሚታወቅበት፣ ታንግ የሚባለው ወይን ጠጅ ዓሣ እንኳ፣ ያ ሁሉ ግርማው፣ ማታ ቀለሙን አደብዝዞ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ራሱን ሸጉጦ ነው የሚያድረው። በሌሊት የቆጠረ ሁልጊዜ ይጎድልበታል።

አሁን ወደ ጉዳዬ። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሥራ ወደ ውጭ የምትሄድ ልጅ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራት ተደንግጓል። ጥሩ ነው። እኔ ስሠለጥን ካውያ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ የሕፃን አያያዝ ተምሬያለሁ። አኳሪየም የሚል ቃል ግን አልሰማሁም። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርና አሠልጣኝ ኮሌጆች ይህን ካነበቡ፣ ግማሽ ቀን እንኳ አልጠይቅም፤ የምንጣፍ መጥረጊያው ትምህርት ሲያልቅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። የመስታወት ማጽጃ ስፕሬይ ገንዳው አጠገብ እንዳይረጭ፤ በደረቅ ጨርቅ ወይም በውሃ ብቻ ይወልወል። ክዳን ከተነሣ ለባለቤቱ ይነገር። ጠዋት ዓሦቹ ለምግብ ሲሰበሰቡ በስልክ ፎቶ ይነሡ፤ ሁሉም ዓሣ ወጥቶ የሚታየው ያን ጊዜ ነው፣ ክርክር ሲመጣ ደግሞ ቀኑ ፎቶው ላይ አለ። እኔ ጋ የሚደውሉትን ሁሉ አሁን እንዲህ እያስደረግኋቸው ነው።

ከዓሣው ይልቅ ስለ ልጆቹ የምፈራው ነገርም አለ። «ድንጋዩን አውጥተሽ እጠቢ» የምትል ማዳም አትጠፋም። ድንጋዩ ላይ ከሚበቅሉት ክብ ክብ ትናንሽ ኮራሎች አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው። በፈላ ውሃ ሲታጠቡ ወይም ሲፈቀፈቁ እንፋሎቱ ሳንባ ይገባል፤ በሌላ አገር ቤተሰብ እንዳለ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ። ላየንፊሽ የሚባል እሾሃም ዓሣ ያለበት ገንዳ ውስጥ ደግሞ እጅ አይከተትም፤ እሾሁ መርዝ አለው። የተወጋች ልጅ እጇን ልትችለው በምትችለው ያህል ሙቅ ውሃ ውስጥ ትንከር፣ ሐኪም ጋም ትሂድ። ይህን ባለቤቶቹም አያውቁትም፤ ዓሣውን ሲገዙ ሻጩ የሚነግራቸው ዋጋውን ነው።

ለአሠሪዎች ይህ ጋዜጣ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ለኤጀንሲ ሰዎች ግን ይደርሳል። «ዕቃ አጠፋች» የሚል ስልክ ሲመጣላችሁ «እሺ፣ ከደመወዟ ይቆረጥ» ብላችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት ምን ዕቃ እንደሆነ ጠይቁ። ዓሣ ነው ካሏችሁ ክዳኑን፣ ሳጥኑን፣ ከረጢቱን፣ የካቢኔውን ሥር አይታችኋል ወይ በሏቸው። በዚህች ልጅ ጉዳይ የደላላው ቢሮ ይህን አንዱንም አልጠየቀም።

የጎቢው ዋጋ እስከ ዛሬ አልተመለሰላትም። በሚቀጥለው ወር እንደገና ሄጄ የአረንጓዴውን ኮከብ ነገር ለማዳሟ ላሳያት ቀጠሮ ይዘናል፤ እሷም በሌሊት በቀይ ባትሪ አብራኝ ልታይ ፈቅዳለች።

የልጅቷን ስም እንዳታወጡብኝ አደራ፤ የእኔን ብታወጡት ግድ የለኝም። ከኮሌጆቹ የሚፈልግ ካለ ሳምፑን፣ ሳጥኑንና የሌሊቱን ገንዳ በስልኬ ቀርጫለሁ፣ በአማርኛ እየተናገርኩ ነው። ወንድሜ ኮምቦልቻ ስላለ በፍላሽ ገልብጦ ያደርሳል፤ ክፍያ አልጠይቅም።

እህታችሁ ዘሐራ
ከጂዳ